«እኔን ካልፈራ ማንን ሊፈራ ነው?»

ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጆች፤

የምጽፍላችሁ ስለ ውሻ ነው፤ እንዳትስቁብኝ። ነገሩ ከውሻ አልፎ ቤቴን እያወከው ስለሆነ ነው።

ከባለቤቴና ከስድስት ዓመት ወንድ ልጃችን ጋር የምንኖረው አያት አካባቢ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ሌባ ሁለት ግቢ ከገባ በኋላ ባለቤቴ «ንጹሕ ሮትዋይለር ነው» ተብሎ አንድ ቡችላ ገዛ። ስሙን ታይሰን አለው። አሁን ዓመት ከስምንት ወሩ ነው፤ ገመዱን ይዤ ልቆጣጠረው አልችልም፣ እሱ ነው የሚጎትተኝ። ክትባቱን በየዓመቱ ይወስዳል። ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይለቀቃል። የሚመግበው ዘበኛችን ነው፤ ከእሱ ጋር ሲሆን በግ ነው።

ከአራት ወር በፊት ባለቤቴ አሰልጣኝ ቀጠረ። ሰውየው «ይሄ ዘር አለቃውን ካላወቀ ራሱ አለቃ ልሁን ይላል» ብሎ አሳመነው። ከዚያ ወዲህ ታይሰን እየበላ ባለቤቴ እጁን ሳህኑ ውስጥ ይከታል፣ ምግቡን ይወስድበታል። ካጉረመረመ አንገቱን ይዞ በጀርባው ይጥለውና መታገሉን እስኪያቆም ይጫነዋል። ሌሊት ስልኩ ላይ የሚያየውም ይህንኑ ነው።

የዛሬ ሦስት ሳምንት እሑድ ታላቅ ወንድሜ ከነቤተሰቡ ምሳ መጥቶ ነበር። ባለቤቴ «ኑ ላሳያችሁ» ብሎ ሁላችንንም ግቢ አወጣን። እጁን ሳህኑ ውስጥ ሲከት ታይሰን ክችች አለ፤ አላጉረመረመም። ሊጥለው ጎንበስ ሲል እጁን ነከሰው። ሁለት የጥርስ ቀዳዳ፣ ብዙ ደም። ልጄ ያን ቀን ሲያለቅስ ዋለ።

አሁን ወንድሜ «ዘሩ ነው፤ ሮትዋይለር አንድ ቀን ጌታውን መብላቱ አይቀርም፤ አስወግዱትና የሀበሻ ውሻ አሳድጉ» ይላል። ባለቤቴ ደግሞ «ለስልሼበት ነው» ብሎ በኤሌክትሪክ የሚነዝር አንገትጌ ከውጭ ሊያስመጣ እየተሯሯጠ ነው። «እኔን ካልፈራ ማንን ሊፈራ ነው?» ይለኛል። ታይሰን ድሮ የመኪናውን ክላክስ ሲሰማ በሩ ላይ ይዘል ነበር፤ አሁን ከሮቶው ጀርባ ሄዶ ይተኛል። እሱን ሳይ ሆዴ ይባባል፣ ልጄን ሳይ ደግሞ እፈራለሁ። አንዳንዴ ባለቤቴ ሥራ በሄደበት ለሰው ሰጥቼው «ጠፋ» ልበል እላለሁ። ለማን ልወግን?

መ. ነኝ፣ ከአያት

እህቴ መ.፣

አልሳቅሁም። ውሻ ያለበት የቤት ጠብ ሁሉ የውሻ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ በፊት የደረሱኝ ደብዳቤዎች አስተምረውኛል። እዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን የባለቤትሽን እጅ እናንሳ፤ ሐኪም ቤት ሄደ አልሄደ አልጻፍሽልኝምና።

የእብድ ውሻ በሽታ አገራችን ውስጥ ዛሬም ሰው ይገድላል፤ ምልክቱ አንዴ ሰው ላይ ከታየ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። የነከሰው ውሻ የተከተበ፣ ከነከሰም በኋላ 10 ቀን ሙሉ ጤነኛ ሆኖ የቆየ ከሆነ ግን ሐኪሞችም ይረጋጋሉ። ታይሰን ሦስት ሳምንት አልፎታል፤ በዚህ በኩል ተንፍሺ። ያም ሆኖ ባለቤትሽ ቁስሉን ካላሳየ ያሳይ፣ ስለ መንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ይጠይቅ። ወደፊት ደግሞ ማንንም ምንም ውሻ ቢነክስ ቡና መነስነስ የለም፤ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥባችሁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ።

አሁን ወደ ደብዳቤሽ። ሁለት ሦስቴ አነበብኩት፤ በየጊዜው የምቆመው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ «ክችች አለ፤ አላጉረመረመም።»

ዘበኛችሁን አስቢው። ሌሊት በአጥሩ በኩል ጥላ ሲያይ «ማነህ?» ብሎ ይጮሃል። «ማነህ?» ባለ ቁጥር ከቤት የሚወጣ ሰው በጥፊ ቢያጮለው በስንተኛው ሌሊት ነው አፉን ዘግቶ ዱላውን ብቻ የሚያነሳው? ማጉረምረም የውሻ «ማነህ?» ነው። «ተው፣ አትቅረበኝ፣ ፈርቻለሁ» ማለቱ ነው። ታይሰን አራት ወር ሙሉ ይህን በተናገረ ቁጥር አንገቱ ተይዞ ተጥሏል። ስለዚህ መናገር አቆመ። የቀረው ጥርሱ ነበር። እናንተ ያያችሁት ድንገተኛ ንክሻ ነው፤ ለእሱ ግን ድንገተኛ አልነበረም፣ ሲለምን የቆየበት ጉዳይ ነው።

እስኪ ልጠይቅሽ። አሰልጣኙ ከመምጣቱ በፊት ታይሰን ሳህኑ ላይ ሲያጉረመርም ሰምተሽ ታውቂያለሽ? የምታስታውሺው ከሌለ ዘበኛውን ጠይቂው፤ ከሁላችሁም ይልቅ እሱ ያውቀዋል። መልሱ «በጭራሽ» ከሆነ የዚህን ጠባይ ልደት ቀን ከነወሩ አገኘነው ማለት ነው። «ከቡችላነቱ ጀምሮ» ከሆነም ነገሩ ያው ይስተካከላል፣ ጊዜው ይረዝማል እንጂ።

ወንድምሽ «ዘሩ ነው» ሲል ከሜዳ ተነስቶ አይደለም። ሮትዋይለር ስሙን ያገኘው ደቡብ ጀርመን ካለችው ሮትዋይል ከተማ ነው፤ ከብት ሲነዳ፣ የሥጋ ነጋዴ ጋሪ ሲጎትት የኖረ፣ ኋላም ፖሊስ የወሰደው ጉልበተኛ ውሻ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1979 እስከ 1998 እ.ኤ.አ. በውሻ ንክሻ የሞቱ ሰዎችን የመረመሩ ባለሙያዎች የውሻው ዘር ከታወቀባቸው 238 ሞቶች ከግማሽ በላዩ ላይ ፒትቡል መሳይና ሮትዋይለር ውሾችን አግኝተዋል። ወንድምሽ ይህን ቢሰማ «አላልኩም?» ይልሻል። ንገሪው፤ ከዚያ ግን ቀጥሎ ያለውንም ጨምሪለት፦ በዚያው መዝገብ ላይ ቢያንስ 25 ዓይነት ዘሮች ነበሩ፣ ጥናቱን የሠሩትም ሰዎች ዘር ለይቶ የሚከለክል ሕግ ብዙ ጣጣ እንዳለበት አስጠንቅቀዋል። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ትልቅ ጥናት ደግሞ ከ18 ሺህ በላይ ውሾችን ጠባይ ከባለቤቶቻቸው ጠይቆ፣ ከ2 ሺህ በላዩን ዘረመል አንብቦ ነበር። አንዱ ውሻ ከሌላው በጠባይ ከሚለይበት ነገር ውስጥ ዘር የሚያስረዳው 9 በመቶ ያህሉን ብቻ ሆኖ ተገኘ።

እኔ እንዲህ ነው የማየው፦ ዘሩ ታይሰን ይነክስ አይነክስ እንደሆነ ብዙም አይነግርሽም። ከነከሰ ምን ያህል እንደሚጎዳ ግን ክብደቱና መንጋጋው ይነግሩሻል። ሙሉ ወንድ ሮትዋይለር 50 ኪሎ ይደርሳል፣ ያልፋልም፤ ልጅሽ 20 ኪሎ ቢሞላ ነው። ስለዚህ ስለ ልጅሽ መፍራትሽ ልክ ነው፤ ማንም እንዲያጣጥልብሽ አትፍቀጂ። («ንጹሕ» የምትለዋን ቃል ግን የሰጣችሁ ሻጩ ነው። የትውልድ ወረቀት አሳይቷችሁ ነበር? እንጃ።)

የሀበሻ ውሻውን ነገር በተመለከተ ወንድምሽን አንድ ነገር ብቻ ጠይቂልኝ፦ የሀበሻ ውሻ እየበላ እጁን ሳህኑ ውስጥ ከቶ ያውቃል? እኔ ያደግሁት ሴት አያቴ ጋ ነው። ግቢው ውስጥ ሁለት ውሾች ነበሩ፣ ስማቸውን እንጂ ዘራቸውን የጠየቀ ሰው አላስታውስም። ውሻ ሲበላ የተጠጋ ልጅ ከተነከሰ አያቴ መጀመሪያ የምትቆጣው ልጁን ነበር፤ «ሲበላ አትጠጋው አላልኩህም?» ብላ። ቁስሉን የምታጥበው ከቁጣው በኋላ ነው። ውሻውን ጥሎ ስለመጫን ቢነገራት ምን ትል እንደነበር ማሰቡ ራሱ ያስቀኛል።

ባለቤትሽ የያዘው ሐሳብ ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ? ከተኩላ ነው። ሩዶልፍ ሸንከል የተባለ የስዊዘርላንድ ተመራማሪ ባዝል ከተማ መካነ አራዊት ውስጥ የታጎሩ ተኩላዎችን አይቶ በ1947 እ.ኤ.አ. ጻፈ፤ እየተጣሉ ደረጃ ያወጣሉ፣ ከላይ አለቃ አለ አለ። አሜሪካዊው ዴቪድ ሜች በ1970 ስለ ተኩላ ባሳተመው መጽሐፍ ሐሳቡን ለዓለም አዳረሰው፣ የውሻ አሰልጣኞችም ተቀበሉት። ይሁንና ያ መንጋ በአንድ አጥር የተዘጋበት፣ መሸሻ የሌለው መንጋ ነበር። ከአሥር የማይተዋወቁ ሰዎች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ብትቆለፊ አንቺም ጠባይሽ ይለወጣል። ሜች ራሱ ካናዳ ሰሜን ጫፍ፣ ኤልስሚር ደሴት ላይ ነጻ ተኩላዎችን ለዓመታት ከተከታተለ በኋላ በ1999 ዓይኑን ሳያሽ ሐሳቡን ቀየረ፦ የተኩላ መንጋ እናት፣ አባትና ልጆች ናቸው፤ «አለቃ» የተባሉት ወላጆች ናቸው አለ። መጽሐፉ መታተሙን እንዲያቆም አሳታሚውን ሲወተውት ኖሮ በ2022 ተሳካለት። ጥያቄው ከራሱ ከደራሲው መምጣቱ ነው እኔን የሚገርመኝ፤ ስንቱ ሰው ነው «ተሳስቼ ነበር» ብሎ የራሱን መጽሐፍ ከገበያ የሚያስወጣ?

የኛኑ ቀይ ቀበሮ ማየትም ይቻላል፤ የተኩላ የቅርብ ዘመድ ነው። ባሌ ተራራ፣ ሳነቴ ላይ፣ የሚወልዱት ጥንዶች የመንጋው መሪ ናቸው፤ ሌሎቹም ቢሆኑ አይጥ አድነው ሲመለሱ የበሉትን እያስታወኩ የእነሱ ያልሆኑ ቡችሎችን ይመግባሉ። እዚያ ትልቁ ለትንሹ ምግብ ያመጣል። ያንቺ ግቢ ውስጥ ግን ትልቁ ምግብ የሚወስድ ሆኗል፤ ታይሰንም የተማረው ይህንኑ ነው።

የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሐኪሞች በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጡት አንድ ጥናት አለ። ለውሻቸው ጠባይ ርዳታ ፈልገው የመጡ 140 ባለቤቶች ስለ ሞከሩት ዘዴ ተጠየቁ። ውሻቸውን መትተው ወይም ረግጠው ከነበሩት 43 በመቶው፣ በጀርባው ጥለው ከተጫኑት ደግሞ 31 በመቶው ውሻው መልሶ እንደተቆጣቸው ተናገሩ። ቀድሞም ችግር ያለባቸው ውሾች ናቸው፣ እውነት ነው። ታይሰንስ አሁን ከየትኛው ወገን ነው?

ያንን አንገትጌ እባክሽ አታስገቡት። ውሻ ሕመም ሲሰማው «ለምን አጠፋሁ?» አይልም፤ ያመመው ጊዜ ፊቱ ከነበረው ነገር ጋር ያያይዘዋል። ባለቤትሽ ቁልፉን ሲጫን ልጅሽ በዚያ በኩል ኳስ እያንከባለለ ቢያልፍስ? ዌልስ በ2010 እ.ኤ.አ. ይህን ዕቃ ውሻና ድመት ላይ መጠቀምን በሕግ ከልክላለች።

ባለቤትሽ ክፉ ሰው ነው እያልኩሽ እንዳይመስልሽ። ሌባ ስለፈራ ቤተሰቡን ሊጠብቅ ተነሳ፣ ገንዘብ ከፍሎ ባለሙያ ፈለገ፣ የተባለውን በታማኝነት አደረገ። ሥርዓት ያስፈልገዋል ማለቱም ትክክል ነው፤ በር ከመከፈቱ በፊት ቁጭ በል፣ ሰው ላይ አትዝለል፣ ይህ ሁሉ ጥሩ ነው። ከዚያ እሑድ ምሳ ላይ፣ በሚስቱ ወንድም ፊት፣ «ኑ ላሳያችሁ» ባለበት አፍ እጁ ደም በደም ሆነ። ቁስሉ ድኖለት ይሆናል፤ እፍረቱ ግን የዳነ አይመስለኝም። አንገትጌው ለታይሰን የታዘዘ ነው ወይስ ለዚያ እሑድ? እሱን አትጠይቂው፤ አንቺ ግን ስታናግሪው ልብሽ ውስጥ ያዢው።

ስለዚህ ወንድምሽ ባለበት አታንሺው። ይህን ሁሉ ቁጥር ይዘሽም አትግቢበት፤ እኔ የጻፍኩልሽ አንቺ እንድትረጊ ነው። ልጁ ከተኛ በኋላ፣ ሻይ ይዛችሁ፣ «ያን ቀን በጣም ደንግጬ ነበር፤ አንተስ ምን ተሰማህ?» ብለሽ ጀምሪ። ዝም ካለ ዝም ይበል። ቀጥሎ አንድ ነገር ብቻ ለምኚው፦ አንድ ጠዋት በመስኮት ሆኖ ዘበኛው ታይሰንን ሲመግብ ይመልከት። ዘበኛው ምን ያደርጋል? ሳህኑን ያስቀምጣል፣ ይሄዳል። ጥሎት አያውቅም፤ ታይሰን ግን እሱን ሲያይ ጅራቱን ይቆላል፣ ሲጠራው ይመጣል። ባለቤትሽ የሚፈልገው ይህንኑ አይደል?

ከዚያ በፊት፣ ከዛሬ ማታ ጀምሮ፣ ማንም እጁን ሳህኑ ውስጥ አይክተት፣ ማንም አይጣለው። ታይሰን ልጁ በማይደርስበት አንድ ቦታ፣ ሰርቪሱ ጀርባም ቢሆን፣ በር ተዘግቶለት ብቻውን ይብላ። ሳህኑ የሚነሳው በልቶ ከሄደ በኋላ ነው። ልጅሽ አንገቱን ማቀፍ፣ ሲተኛ መጠጋት፣ አጥንት ሲግጥ ማለፍ የለበትም፤ አዋቂ ሳይኖርም ሁለቱ ለአንድ ደቂቃ ብቻቸውን አይሁኑ። ልጁን አታስፈራሪው፤ «ታይሰን ሲበላ ሰው አይፈልግም፣ አንተም ካርቱን ስታይ እንደማትፈልገው» ብትይው ይገባዋል። ክችች ሲል፣ የዓይኑ ነጭ ሲወጣ፣ ሳይርበው ከንፈሩን ሲልስ እንዲያውቅም አስተምሪው። ልጆች እንዲህ ያለውን ከኛ ቀድመው ያያሉ።

በዚህ ሳምንት ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት፤ የሚይዘው የሚያምነው ሰው፣ ማለትም ዘበኛው ይሁን፣ መንገድ ላይም አፉ ላይ መከለያ ይደረግለት። ጆሮው ወይም ጥርሱ አሞት ሊሆን ይችላል፤ ሮትዋይለር ዳሌውን የመታመም ነገርም ያጠቃዋል። ዳሌውን ያመመው ውሻ በጀርባው ሲጣል የሚሰማውን አስቢው። ከነከሰ ወዲህ ስላለው ጠባዩም ሐኪሙን አማክሩት፤ ከዚህ በታች የምጽፍልሽንም ሰምቶ «ይሁን» ካለ ነው የምትጀምሩት። ቀን ሙሉ መታሰሩንም ደጋግሜ አሰብኩት። ከጠዋት እስከ ማታ በአንድ ሜትር ሰንሰለት የሚውል ወጣት ውሻ ጉልበቱን የት ያድርገው? ገና ሳይሞቅ፣ ሰው ሳይበዛ፣ ግማሽ ሰዓት በገመድ ቢያዞሩት ብዙ ነገር ይለዝባል።

ሐኪሙ ከተስማማና ታይሰን ጥቂት ሳምንት ተረጋግቶ ከበላ በኋላ የባለቤትሽ ሥራ ይጀምራል። ሥጋ ቤት ሄዶ ሳምባ ይግዛ፣ ተቀቅሎ እንደ አውራ ጣት ይቆራረጥ። ታይሰን ተራ ምግቡን እየበላ ባለቤትሽ በሩቅ ያልፋል፤ አምስት ስድስት እርምጃ ርቆ፣ መብላቱን የማያቋርጥበት ቦታ ላይ። ሲያልፍ አንድ ቁራጭ ሳምባ ወደ ሳህኑ ወርውሮ ሳይቆም ይሄዳል። አያናግረውም፣ አያፈጥበትም። በቃ። በማግስቱም እንዲሁ። ታይሰን ባለቤትሽን አይቶ ከሳህኑ ቀና ብሎ ጅራቱን ሲወዘውዝ ግማሽ እርምጃ ይቅረብ። ክችች ካለ ቀርቧል ማለት ነው፣ ይመለስ። ሳህኑን መንካት የዚህ ልምምድ ግብ አይደለም፤ ማንም አይንካው። ወር፣ ሁለት ወር ይፈጅ ይሆናል። ልጁ በዚህ ውስጥ አይገባም።

አሰልጣኝ ካስፈለጋችሁ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁት፦ «ውሻው ሲሳካለት ምን ታደርግለታለህ? ሲሳሳትስ?» ለመጀመሪያው መልስ ከሌለው፣ ለሁለተኛው አንገት አንገቱን የሚል ከሆነ፣ ቡና ጋብዛችሁ ሸኙት።

«ጠፋ ልበል» ያልሽውን ግን አታድርጊው። ውሻው ሲመለስ ቢገኝስ? ባይገኝስ፣ ልጅሽ በየመንገዱ ሲፈልገው ምን ትይዋለሽ? ባለቤትሽ ካወቀ ደግሞ ከዚያ በኋላ የምትጣሉት ስለ ውሻ አይሆንም። የተቀበለሽ ሰው ቤት ልጅ ካለ፣ ንክሻውን ደብቀሽ መስጠትሽ ሌላ ዕዳ ነው።

በግልጽ መስጠት ግን ነውር የለበትም። ታይሰን ልጁ ላይ አንዴ እንኳ ከተቆጣ፣ ወይም ባለቤትሽ መጣሉን አልተውም ካለ፣ ወይም ግቢያችሁ ሁለቱን ለመለየት የማይመች ከሆነ፣ ሐኪሙን አማክራችሁ፣ የሆነውን ሁሉ ተናግራችሁ፣ ልጅ ለሌለበትና ውሻ ለሚያውቅ ሰው ስጡት። በምትኩ ሌላ ቡችላ ከመግዛታችሁ በፊት ግን ለእሱ ሳህን ማን እንደሚቀርብ ተነጋገሩ። አለበለዚያ የሀበሻውም ውሻ ዓመት ከስምንት ወር ይሞላዋል።

ለማን ልወግን ላልሽው፣ ከወንድምሽ ፍርሃቱን፣ ከባለቤትሽ ሥርዓቱን ውሰጂ፤ ሁለቱም የያዙት ነገር አለ። ሳምባውን የጀመራችሁ ሰሞን ደግሞ ባለቤትሽ ከሥራ ሲመጣ መስኮት ላይ ቁሚልኝ። ክላክሱ ሲጮህ ታይሰን ከሮቶው ጀርባ ምን እንዳደረገ፣ አንገቱን ብቻ እንኳ ብቅ አድርጎ እንደሆነ፣ ጻፊልኝ።